መምህሩ የወደዱት መጽሐፍ

የመምህራን የመጽሐፍ ምርጫ የሚባለው በአንድ ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ሰዎች ከኮርሳቸው ውጪ አንብበው የወደዱትን መጽሐፍ በግቢው ቤተ መጻሕፍት በኩል ለተማሪዎች የሚያጋሩበት ልማድ ነው። መጽሐፉ ከመግቢያው አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ላይ ሽፋኑ ፊት ለፊት እንዲታይ ሆኖ ይቀመጣል። ከጎኑ የመምህሩ ስም፣ የሚያስተምሩበት የትምህርት ክፍልና መጽሐፉን ለምን እንደወደዱት የሚናገር አጭር ጽሑፍ ይኖራል። ተማሪው አንሥቶ ይዋሳል፣ አንብቦ ይመልሳል። ለፈተና አይመጣም፤ ማርክም አይያዝበትም።

ልማዱ በተለይ በአሜሪካ ኮሌጆች የተለመደ ነው። ለኢትዮጵያ ግቢዎች ግን ከማንም በላይ ይጠቅማል፤ ምክንያቱን ለማየት በፈተና ሰሞን ወደ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ጎራ ማለት ይበቃል። ወንበር አይገኝም። ይሁንና በብዙዎቹ አንባቢዎች ፊት የተዘረጋው ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሃንድአውት ነው። መደርደሪያዎቹ ከተማሪው ጀርባ በዝምታ ቆመዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ግዴታ በመሆኑ ተማሪው ይበልጥ ወደ ማስታወሻና ወደ አሮጌ ጥያቄ ዞሯል። በዚህ ተማሪውን መውቀስ አይገባም፤ ለሚፈተንበት ነገር ይዘጋጃል። ነገር ግን አራትና አምስት ዓመት በመጻሕፍት መሀል ኖሮ አንድም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ሳያነብ የሚመረቅ ወጣት መኖሩ የሚያሳዝን ነው።

ወለጋ ላይ ነገሩ ሌላም መልክ አለው። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዋና ግቢው እዚህ ሆነ፤ በጊምቢና በሻምቡም ግቢዎች አሉት። በከተማዋ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ይገኛል፤ ወደ ምዕራብ ሲዘለቅ ደግሞ ደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከኑኑ ቁምባ፣ ከዋማ ሐገሎ፣ ከጅማ አርጆ ወይም ከሌላ የገጠር ወረዳ ተነሥቶ ወደነዚህ ግቢዎች የሚገባ ተማሪ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በአንድ ቦታ ሲያይ ብዙውን ጊዜ ያ የመጀመሪያው ነው። ከየት ይጀምር? ካታሎጉ የሚፈልገውን ለሚያውቅ ሰው ይመልሳል፤ የሚፈልገውን ገና ለማያውቅ ሰው የሚለው ነገር የለም። ለዚህኛው የሚበጀው ሰው ነው፤ በተለይም የሚያከብረው ሰው።

ይህን ቀድሞ ያስተዋለ አንድ መምህር ነበር። ሺያሊ ራማምሪታ ራንጋናታን በሕንድ አገር የሒሳብ መምህር ሆኖ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ተደረገ። በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ የዘረዘራቸው አምስት ሕጎች እስከ ዛሬ በቤተ መጻሕፍት ትምህርት ይሰጣሉ። ከነዚህ ሁለቱ እዚህ ላይ ይሠራሉ፦ ለየትኛውም አንባቢ የሚሆን መጽሐፍ አንድ ቦታ አለ፤ ለየትኛውም መጽሐፍ የሚሆን አንባቢም እንዲሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ሁለቱን የማገናኘት ዕዳ አለበት፤ የመምህሩ ምርጫም ይህን ዕዳ ከሚያቃልሉት መንገዶች አንዱ ነው።

በወለጋ መምህርና መጽሐፍ አብረው የመጡበት ታሪክ ረጅም ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ፤ ምፅዋ ላይ ነጻ ከወጣ በኋላ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። ሙሉው ትርጉም የታተመው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። አስቴር ጋኖ የተባለች ሴት ከሥራው ሁሉ አልተለየችም። ወደ አምስት መቶ የሚሆኑ የኦሮሞ እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ሰብስባ ነበር፤ ከነዚህ ብዙዎቹ በ1894 ሁለቱ አብረው ባወጡት የንባብ መማሪያ ውስጥ ገቡ። ኦኔሲሞስ በ1904 ነቀምቴ ሲደርስ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ በክብር ተቀበሉት፤ ይዟቸው የመጣቸውን የትምህርት መጻሕፍትም ለሕዝቡ ማደል ጀመረ። ተቃውሞና ክስ ተከትሎት ነበር፤ ሥራው ግን አልቆመም። በዚያ ዘመን በነቀምቴ መጽሐፍ ወደ ተማሪው የሚደርሰው በመምህሩ እጅ ነበር።

የኦኔሲሞስና የአስቴር መጻሕፍት የታተሙት በግዕዝ ፊደል ነው። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ ስለሚጻፍ፣ በቁቤ ያደገ የዛሬ ተማሪ ያን የአባቶቹን መማሪያ ቢያገኘው እንኳ በቀላሉ ላይዘልቀው ይችላል። ሁለቱንም ፊደል የሚያነብ የቋንቋ ወይም የታሪክ መምህር ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አንድ ተረት በቁቤ ገልብጦ ከጎኑ ቢለጥፍ፣ መቶ ሠላሳ ዓመት የሆነው መጽሐፍ እንደገና አንባቢ ያገኛል።

አዲስ አበባ ላይ የሚጠቀስ ሌላ ታሪክ አለ። ስታኒስላቭ ሖይናትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ። ኢትዮጵያን የሚመለከቱ መጻሕፍትንና የባህል ዕቃዎችን ለዓመታት ሰበሰበ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1963 ሲቋቋም ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ የሖይናትስኪ ስብስብም ለተቋሙ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም መሠረት ሆነ። ዛሬ አንድ ተመራማሪ ስድስት ኪሎ ገብቶ ስለ ወለጋ ታሪክ የሚያነበው፣ ከብዙ ዓመት በፊት መጽሐፍ የሚወድ አንድ ሰው ስለ ሌላው አንባቢ ስላሰበ ጭምር ነው።

አንድ ሰው የወደደውን መጽሐፍ ለሌላው ሲያደርስ የሚሆነውን ኢትዮጵያውያን በጆሯቸው ያውቁታል። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ ልጆች አወቃቸው። ታሪኩ ቀድሞም በመጽሐፉ ውስጥ ነበር፤ ወደ ሕዝቡ ያሻገረው ግን የአንድ አንባቢ ድምፅ ነው።

ከውጭ የሚነሣው የታወቀ ምሳሌ የቻርልስ ኤልየት ነው። ሃርቫርድን ለአርባ ዓመት የመሩት ኤልየት በአንድ ሜትር ተኩል መደርደሪያ ላይ የሚያርፉ መጻሕፍት፣ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ለሚያነብ ሰው ጥሩ ትምህርት ይሰጡታል ይሉ ነበር። አንድ አሳታሚ ቃላቸውን ይዞ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ 51 ቅጽ አወጣ። ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ ሆኖም የአንድ ሰው፣ የአንድ ባህል ምርጫ ነው። የግቢው ጠረጴዛ ከዚህ የሚሻለው የነርስ መምህሯም፣ የእርሻ መምህሩም፣ የሒሳብ መምህሩም እኩል ቦታ ስለሚያገኙበት ነው።

አሠራሩ ከመምህራኑ ይጀምራል። ቤተ መጻሕፍቱ ለየትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ፈቃደኛ የሆነ መምህር አንድ መጽሐፍ መርጦ አራት አምስት መስመር ይጽፋል። ከዚያ ባለሙያው መጽሐፉ በስብስቡ ውስጥ መኖሩን ያያል። ካለ ከመደርደሪያው ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ በካታሎጉም ላይ ለጊዜው ቦታው መለወጡ ይመዘገባል፤ ይህ ካልተደረገ ሌላ ፈላጊ መጥቶ የጠፋ ይመስለዋል። ከሌለ መምህሩ የራሳቸውን ቅጂ ለአንድ መንፈቅ ያውሳሉ። የመምህሩ ቅጂ ውስጡ ስማቸው ተጽፎ በሪዘርቭ ደንብ፣ ማለትም እዚያው ተነብቦ ወይም ለአንድ ሌሊት ብቻ ወጥቶ የሚመለስ ቢሆን ይመረጣል። የቤተ መጻሕፍቱን ቅጂ ግን ተማሪው ዶርሙ ወስዶ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቢያቆየው ነው የሚጠቀመው። ልብ ወለድ በአንድ ሌሊት አያልቅም።

በኮምፒውተር የሚሠሩ ቤተ መጻሕፍት የምርጫውን ዝርዝር በካታሎጋቸው ላይ ማውጣት ይችላሉ። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበትና ያለ ክፍያ የሚገኘው ኮሃ የተባለው ሶፍትዌር እንዲህ ያለ ዝርዝር ማዘጋጃ አለው። ኮሃ ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሲሆን፣ ስሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ኔትወርክ በማይረጋበት ግቢ ግን ከወረቀት ካርድ የሚበልጥ መሣሪያ የለም።

ካርዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ መምህር ብዕር ሲያነሣ የመጽሐፍ ግምገማ መጻፍ ይቃጣዋል፤ ጭብጥ፣ መቼት፣ የአጻጻፍ ስልት እያለ ይዘረዝራል። ይህ ተማሪውን ወደ ክፍል ይመልሰዋል። አንድ የሲቪል ምሕንድስና መምህር ስለ ፍቅር እስከ መቃብር ቢጽፉ ለምሳሌ እንዲህ ሊሉ ይችላሉ፦ «ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ፣ መብራት በጠፋበት ሳምንት በሻማ ያነበብኩት ነው። ውፍረቱ አያስፈራችሁ። ጉዱ ካሣ የሚናገርበት ቦታ ስትደርሱ ቀስ በሉ።» ይህ ይበቃል። ተማሪው ኮንክሪት ሲያሰሉ ብቻ የሚያውቃቸው መምህር በሻማ ብርሃን ልብ ወለድ ሲያነቡ ይታዩታል፤ እጁም ወደ መጽሐፉ ይሄዳል።

ከምርጫው ሁሉ የሚጥመው ከመምህሩ ሙያ ጎን የቆመው ነው። የሕክምና መምህር የአብርሃም ቨርጌዝን ከቲንግ ፎር ስቶን ሊያመጡ ይችላሉ፤ ደራሲው አዲስ አበባ ተወልደው ሕክምና መማር የጀመሩ ሐኪም ናቸው፤ ታሪኩም የሚያጠነጥነው በአዲስ አበባ ባለ ሆስፒታል ላይ ነው። የእርሻ መምህር ሬቸል ካርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ ፀረ ተባይ መርዝ የጻፈችውን ሳይለንት ስፕሪንግ ቢያስቀምጡ፣ በቆሎ ላይ መድኃኒት ሲረጭ እያየ ያደገው የገበሬ ልጅ ስለ ቤቱ የተጻፈ ያህል ያነበዋል። የሥነ ጽሑፍ መምህር የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ ወይም የወለጋውን ተወላጅ የሰሎሞን ደሬሳን የግጥም መድበል፣ በ1963 ዓ.ም. የታተመውን ልጅነትን ሊመርጡ ይችላሉ። በወለጋ ግቢዎች ጠረጴዛው ላይ ኦሮምኛ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ መጻሕፍት ጎን ለጎን ቢቀመጡ ተገቢ ነው። ተማሪው የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያልመው ግን በእናቱ ቋንቋ ነው፤ ሁለቱም ቦታ ይገባቸዋል።

እንቅፋት አይጠፋም። የመጀመሪያው የቅጂ ማነስ ነው፤ አንድ መጽሐፍ በመቶ ተማሪ መሀል ሲገባ ወረፋው ራሱ ያሰለቻል። መፍትሔ ተብሎ መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ ፎቶ ኮፒ ማድረግ አይገባም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ያስከብራል። ርዕሱን በየወሩ መቀያየርና በጣም የተፈለገውን በሚቀጥለው ግዢ ማካተት ይሻላል፤ የወረፋው መዝገብ ለግዢ ክፍሉ ከማንኛውም መጠይቅ የተሻለ መረጃ ነው። ሁለተኛው የክሊራንስ ፍርሃት ነው። መጽሐፍ የጠፋበት ተማሪ በምረቃ ሰሞን ፊርማ እንደሚከለከል ስለሚያውቅ መዋሱን ራሱ ይሸሻል፤ የመተኪያው ደንብ ካርዱ ጀርባ ላይ በግልጽ ቢጻፍ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ መምህሩ «ይህን መረጠ» ተብሎ በፖለቲካ ወይም በሃይማኖት እንዳይፈረጅ መስጋቱ። ለዚህ የሚረዳው ብዛት ነው። ሠላሳ መምህር ሠላሳ የተለያየ መጽሐፍ ሲያስቀምጥ አንዱ ብቻውን አይታይም። ቤተ መጻሕፍቱም ምርጫው የመምህሩ የግል ንባብ መሆኑን በአንድ መስመር ጽፎ መለጠፍ አለበት።

ሥራው መሳካቱ የሚታወቅበት ምልክት ትንሽ ናት። በብዙ መጻሕፍት የመጨረሻ ገጽ ላይ የመመለሻ ቀን ማኅተም የሚመታባት፣ መስመር ያላት ወረቀት ተለጥፋለች። ለዓመታት ማንም ያልተዋሰው መጽሐፍ ወረቀቱ እንደ ተለጠፈ ነው፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ተነሥቷል፣ መስመሮቹ ባዶ ናቸው። ከመምህር ካርድ ጋር አንድ መንፈቅ የቆየ መጽሐፍ ግን ሰማያዊና ቀይ ቀኖች፣ አንዳንዱ ተንጋድዶ፣ አንዳንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ይመታበታል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሪፖርት ከመጻፉ በፊት ይህችን ወረቀት ገልጦ ቢያይ ይበቃዋል።

ጠረጴዛውን ለመጀመር አሥር መጽሐፍና አሥር ካርድ በቂ ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ የምታስተምሩ መምህራን፣ በመጪው ሰኞ ወደ ሥራ ስትገቡ ቤታችሁ ካለው መደርደሪያ አንድ መጽሐፍ አንሥታችሁ፣ የወደዳችሁበትን ምክንያት በአራት መስመር ጽፋችሁ ለግቢያችሁ ላይብረሪ ስጡ።