የኮምፒዩተር መረብ ጥበቃን ከጥናት ጽሑፎች ስለ መማር

ስለ ኮምፒዩተር መረብ ጥበቃ ለማጥናት የተሰበሰብን ጥቂት ተማሪዎች መማሪያ መጽሐፉን ለጊዜው አስቀምጠን ዋናዎቹን የጥናት ጽሑፎች በቀጥታ ለማንበብ ተስማምተን ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ሳለን የፈጸምነው አንድ ስሕተት ለሌሎች ተማሪዎችም ትምህርት ይሰጣል ብለን ስላሰብን ከዚህ በታች እንገልጸዋለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የመረጥነው ሮጀር ኒድሃምና ማይክል ሽሮደር በ1978 ዓ.ም. ያሳተሙትን ጽሑፍ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፤ ሁለት ሰዎች በሩቅ ሆነው በኮምፒዩተር ሲነጋገሩ፣ መልእክቱንም ሌላ ሰው ሊጠልፈው፣ ሊለውጠው ወይም የቆየውን መልሶ ሊልከው ሲችል፣ አንዱ የሌላውን ማንነት በምን ያረጋግጣል? መልሱ በምሥጢር ጽሕፈት ላይ የተመሠረተ የመልእክት ሥርዐት ነው፤ ባለሙያዎች ፕሮቶኮል ይሉታል።

ከቀረቡት መንገዶች በአንደኛው እያንዳንዱ ሰው ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ለሁሉ የተገለጠ፣ ሁለተኛው ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው። በተገለጠው ቁልፍ የተቈለፈውን መልእክት ከባለቤቱ በቀር ማንም አይከፍተውም። ሥርዐቱ በሙሉ ሰባት መልእክት ሲኖረው፣ አራቱ ቁልፎቹን ለማግኘት ብቻ ስለሚያገለግሉ እንተዋቸውና ሦስቱን እንመልከት። አልማዝ ስሟንና ለዚያ ጊዜ ብቻ የመረጠችውን ቁጥር በበቀለ ቁልፍ ቈልፋ ትልካለች። በቀለ ከፍቶ የእርሷን ቁጥር ከራሱ አዲስ ቁጥር ጋራ በአልማዝ ቁልፍ ቈልፎ ይመልሳል። አልማዝም የበቀለን ቁጥር በእርሱ ቁልፍ ቈልፋ ትመልስለታለች። እንግዲህ ያን ቁጥር ከፍታ ልትመልስ የምትችል አልማዝ ብቻ ናት ብሎ በቀለ ያምናል ማለት ነው።

በዚህ ላይ በወረቀት ፍላጻ እየሳልን ሁለት ሳምንት ያህል ተከራከርን። መስመሩን የሚጠልፍ ሰው መልእክቶቹን ሁሉ ቢወስድም አንዱንም ሊከፍት እንደማይችል ስላየን፣ በማስታወሻችን ላይ «እንከን የለውም» ብለን ጻፍን፤ በክፍልም ፊት እንዲሁ ብለን አቀረብን። አንድ ጓደኛችን «ሌባው ራሱ ቁልፍ የተሰጠው ደንበኛ ቢሆንስ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ከርእሱ የወጣ ነው ብለን አለፍነው።

በሚከተለው ሳምንት አፈርን። ጋቪን ሎው በ1995 ያሳተመው ጽሑፍ ሦስት ገጽ ብቻ ቢሆንም፣ የሚናገረው ያንኑ የጓደኛችንን ጥያቄ ነው። የራሱ ቁልፍ ያለው፣ አልማዝም በፈቃዷ የምትነጋገረው አንድ ሸንጋይ አለ እንበል። አልማዝ የመጀመሪያውን መልእክት በሸንጋዩ ቁልፍ ቈልፋ ትልክለታለች። እርሱ ከፍቶ በበቀለ ቁልፍ እንደ ገና ይቈልፍና በአልማዝ ስም ለበቀለ ይልከዋል። በቀለ ሁለቱን ቁጥሮች በአልማዝ ቁልፍ ቈልፎ ይመልሳል። ሸንጋዩ ይህን ሊከፍተው አይችልም፤ መክፈትም አያስፈልገውም። እንዳለ ለአልማዝ ያስተላልፈዋል። እርሷም ከሸንጋዩ የመጣ መስሏት ትከፍትና የበቀለን ቁጥር አውጥታ በሸንጋዩ ቁልፍ ቈልፋ ትሰጠዋለች። እርሱም ቁጥሩን ለበቀለ ሲያደርስ ነገሩ ተፈጸመ። በቀለ ባንክ ቢሆን ኖሮ ሸንጋዩ በአልማዝ ስም ገንዘብ ማዘዝ በቻለ ነበር። ልብ እንበል፤ አንድም ቁልፍ አልተሰበረም።

መድኀኒቱ አንድ ስም ነው። በቀለ በሁለተኛው መልእክት ውስጥ የራሱን ስም ቢጨምር፣ የሸንጋዩን ስም የምትጠብቀው አልማዝ የበቀለን አይታ ታቆማለች።

ይህች አንዲት ስም 17 ዓመት የዘገየችው መርማሪ ጠፍቶ አይደለም። ዴኒንግና ሳኮ በ1981 በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ባለ ሌላ ፕሮቶኮል ላይ ሌላ ጕድለት አግኝተው፣ መልእክቶቹ የተጻፉበትን ጊዜ እንዲይዙ መክረዋል። በ1989 ደግሞ በሮውስና አባዲ ከራሱ ከኒድሃም ጋራ ሆነው ፕሮቶኮሎችን በሎጂክ የሚመረምሩበትን ዘዴ አወጡ፤ ሎጂኩ ግን የሎውን ስንጥቅ አላየም። ምክንያቱ በስሌቱ ሳይሆን በመነሻው አሳብ ላይ ይመስለናል። የ1978ቱ ጽሑፍ ጠላትን የሚያየው በመስመሩ ላይ ነው፤ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ራሱ አታላይ ይሆናል ብሎ አልተነሣም። እኛም ይህን መነሻ ሳንጠይቅ ወሰድነው። ይባስ ብሎ ደራሲዎቹ በመጨረሻ ላይ፣ እንዲህ ያለ ፕሮቶኮል በተለመደ አሠራር ለማይገለጥ ረቂቅ ስሕተት የተጋለጠ መሆኑን አስጠንቅቀው ነበር፤ እኛ ግን የጽሑፍ መደምደሚያ የትሕትና ቃል ነው ብለን ዘለልነው።

የአንድምታ መምህራን ንባቡን ከነትርጓሜው ነው የሚያስተምሩት። የጥናት ጽሑፍንም እንዲሁ ከተከታዮቹ መልሶች ጋራ ማንበብ ይገባ ነበር። አሁን አንድ ጽሑፍ ስንጀምር ጠላቱ ማን እንደ ሆነ፣ ምን ማድረግ እንደሚችል፣ ማንስ እንደሚታመን በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንጽፋለን፤ ከዚያም በኋላ ማን ምን ብሎ እንደ መለሰ እንፈልጋለን። ሎው በ1996 ኤፍ ዲ አር በተባለው መመርመሪያ ፕሮግራም እንዳደረገው፣ ዛሬ ፕሮቬሪፍንና ታማሪንን የመሳሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች በተራ ኮምፒዩተር ላይ ይህንኑ ስንጥቅ ያወጣሉ። ነገር ግን መነሻውን የሚጽፍላቸው ሰው ሸንጋዩን ደንበኛ አድርጎ ካላስገባው እነርሱም አያዩትም፤ ይህንም ሞክረን አይተነዋል።

በክፍል ያቀረብነውን ያን ወረቀት አልቀደድነውም። የጓደኛችን ጥያቄ በኅዳጉ ተጽፎበት በማኅደራችን ውስጥ ይገኛል።