ብሬከር ሲጥል

በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሠራች ሴት ያቺን ቅጽበት ታውቃታለች። ስፌት መኪናዎቹ በሙሉ እየጮኹ ሳለ አንደኛው ላይን ድንገት ጸጥ ይላል። ፔዳሉ ይረገጣል፣ መርፌው ግን ንቅንቅ አይልም። መብራት እንዳይባል አልጠፋም፤ ከጎን ያለው ላይን እየሰፋ ነው። “ብሬከር ጣለ!” የሚል ድምፅ ይሰማል። ሱፐርቫይዘሯ ሰዓቷን ታያለች፤ ኤሌክትሪሺያኑ ወደ ፓናል ቦርዱ ይሮጣል።

ትውውቃችን ከዚያ ከጣለው ዕቃ ጋር ነው፤ መነሻችንም ቦሌ ለሚ። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከጎሮ ወዲያ የሚገኘው ይህ ኢንዱስትሪ ፓርክ መንግሥት ካስገነባቸው የመጀመሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ሲጀምር የተሠሩለት ሼዶች 20 ነበሩ፤ በብዛት የሚመረትባቸውም ልብስና የቆዳ ውጤት ነው። ከመኪናው ፊት የሚቀመጡት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ብሬከር ሲጥል ታርጌት የሚጎድልባቸው እነሱ ናቸው፤ መጣል ሲገባው ሳይጥል ቢቀርም ቀድመው የሚጎዱት እነሱው ናቸው። ስለዚህ ብሬከርን ማወቅ የኤሌክትሪሺያን ጉዳይ ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

ነገሩን ከፊውዝ እንጀምር፤ ታላቁ እሱ ነውና። ፊውዝ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ሽቦ ነው። ከረንት በሽቦ ሲያልፍ ሽቦውን ያሞቀዋል፤ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። መዳብ የሚቀልጠው ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ቢሆንም የሸፈነው ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ለ70 ዲግሪ ነው። እናም መዳቡ ምንም ሳይሆን ልባሱ ይለሰልሳል፣ ይሰነጣጠቃል፣ በመጨረሻም ፌዙና ኒውትራሉ ይነካካሉ። ከዚያ በፊት፣ ከመስመሩ ሁሉ ቀድሞ እንዲቀልጥ የተመደበው ፊውዙ ነው። ለትልልቅ ፓናሎች የሚሠራው በሸክላ ቀፎ ውስጥ ተቀምጦ ዙሪያው በኳርትዝ አሸዋ ይሞላል። ሽቦው ሲበጠስ የሚነሣውን እሳት አሸዋው ሙቀቱን እየጠጣ፣ ራሱም እየቀለጠ ያጠፋዋል። አንዴ ከሠራ በኋላ ፊውዙ ተነቅሎ በአዲስ ይተካል።

ብሬከር ግን ተመልሶ ይነሣል። በጀርመን ማንሃይም ከተማ የሁጎ ስቶትዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1924 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበለት ትንሹ ብሬከር፣ በመሠረታዊ አሠራሩ ዛሬ በየቤታችን ካለው ጋር አንድ ነው። ውስጡ ሁለት ዘበኞች አሉ። ታጋሹ ዘበኛ፣ ሲሞቁ እኩል የማይለጠጡ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው የተሠራ ስስ ቅጠል ነው። ከረንቱ ከተፈቀደው አለፍ ሲል ቅጠሉ እየሞቀ ቀስ ብሎ ይጎብጣል፤ ጎብጦ ጎብጦ መንጠቆውን ይገፋዋል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ባለ 16 አምፔሩ የቤት ብሬከር 18 አምፔርን ለአንድ ሰዓት እንዲችል፣ ከ23 አምፔር ካለፈ ግን ሰዓቱ ሳይሞላ እንዲቆርጥ ያዛል። ቁጡው ዘበኛ ደግሞ የሽቦ ጥቅል ነው። ሾርት ተፈጥሮ ከረንቱ በመቶዎች አምፔር ሲዘል ጥቅሉ ማግኔት ይሆንና መንጠቆውን በሰከንድ መቶኛ ያህል ጊዜ ውስጥ ይመታዋል።

የበለጠ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ሁለቱ የብረት ነጥቦች ሲለያዩ ከረንቱ እሺ ብሎ አይቆምም፤ አየሩን ሰንጥቆ በእሳት ቅስት መሄዱን ይቀጥላል። የተበላሸ ብሬከር ፈትታችሁ ካያችሁ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ የብረት ሰሌዳዎች ታገኛላችሁ። ቅስቱ ወደ እነሱ ተነድቶ ይቆራረጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጠፋል። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ከረንቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል፤ ይህም ቅስቱን ለማጥፋት ትልቅ እገዛ ነው።

ከአያት የሚነሣው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ይህ እገዛ የለውም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሄደው በ750 ቮልት ቀጥተኛ ከረንት ነው፤ ቀጥተኛ ከረንት ዜሮ ላይ አይደርስም። ስለዚህ እንዲህ ያለው መስመር ቅስትን በግድ ለጥጦ የሚያጠፋ ግዙፍ ብሬከር ይፈልጋል። በዚሁ ምክንያት ለቤት መብራት ብቻ የተሠራን ብሬከር ቀጥተኛ ከረንት በሚያመነጭ የሶላር ፓናል መስመር ላይ ማስገባት አደገኛ ነው።

ባቡር ካነሣን አይቀር፣ በውጭ አገር ጠረጴዛ ላይ ሐዲድ ዘርግተው ትንንሽ ባቡሮችን የሚነዱ ሰዎች አሉ፤ እጅግ የተለመደው መጠን ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰው ነው። እዚያ ከረንቱን የሚያደርሱት ሁለቱ ሐዲዶች ናቸው። አንድ ጎማ ከመስመር ወጥቶ ሁለቱን ካገናኘ ሾርት ተፈጠረ ማለት ነው፤ በጠረጴዛው ላይ ያሉት ባቡሮች ሁሉ ይቆማሉ። መላው፣ ሐዲዱን በክፍል በክፍል ለያይቶ ለየክፍሉ የራሱን ብሬከር መስጠት ነው፤ ችግር ያለበት ክፍል ብቻ ይቆማል። አንዱ ላይን ጸጥ ብሎ ጎረቤቱ መስፋቱን የሚቀጥለው በዚሁ ብልሃት ነው። የላይኑ ብሬከር ከዋናው ቀድሞ እንዲጥል ሆኖ መመረጥ አለበት፤ ዋናው ከቀደመ ሼዱ በሙሉ ይቆማል፣ ጥፋቱ የት እንዳለም ፍንጭ አይገኝም።

ሞተር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ሲነሣ ለአፍታ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ሊስብ ይችላል። ብሬከሩ ላይ ከቁጥሩ ፊት የተጻፈችው ፊደል ለዚህ ናት። ቢ ከ3 እስከ 5 እጥፍ፣ ሲ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ባለው መካከል በቅጽበት ይቆርጣል። ለሞተሮች ቢ ያስገባ ሰው ጠዋት መኪናዎቹ አብረው ሲነሡ ያለ ጥፋት ይጥልበታል።

የሚያሳስበኝ እንዲህ ሲሆን የምንወስደው እርምጃ ነው። 16ቱ ከጣለ 25 ይገዛል፤ 25ቱ ከጣለ 40። ፊውዝ ከሆነ በመዳብ ሽቦ ይታሰራል። የእንጀራ ምጣድን እናስብ፦ 3,500 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። በዚያው መስመር ላይ ካውያ ሲሰካ ባለ 16ቱ መጣሉ ትክክል ነው። የሚያስፈልገው ለምጣዱ የብቻውን ወፍራም መስመር ከነብሬከሩ መዘርጋት ነው። ብሬከር የተመደበው ሽቦውን እንዲጠብቅ ነው፤ ሽቦውን ሳይቀይሩ ብሬከሩን ማሳደግ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ፊውዝ ማድረግ ነው። በስፌት ሼድ ደግሞ የጨርቅ ብናኝ በሞተሩም በፓናሉም ላይ ይከማቻል፤ እሳት ለመያዝም ፈጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013፣ ራና ፕላዛ የተባለው የልብስ ፋብሪካዎች ሕንፃ ከተደረመሰ በኋላ በባንግላዴሽ የተፈረመው የፋብሪካዎች ደህንነት ስምምነት ከሕንፃ ጥንካሬና ከእሳት መከላከያ ጎን የኤሌክትሪክ መስመርን ለብቻው ያስመረመረው በከንቱ አልነበረም።

ሰውን ለመጠበቅ ሌላ ዕቃ አለ። ጥቂት አሥር ሚሊ አምፔር ሰው ለመግደል ሊበቃ ይችላል፤ ባለ 16ቱ ብሬከር ግን ይህን ከምንም አይቆጥረውም። “ቴስት” የምትል ቁልፍ ያለችው የፍሳሽ መቁረጫ በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ትለካለች፤ የጎደለው በሰው አካል በኩል ፈስሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ትቆርጣለች። ቁልፏን አልፎ አልፎ ተጭኖ መሥራቷን ማየት ይገባል።

ወደ ጸጥተኛው ላይን እንመለስ። ጥሩ ኤሌክትሪሺያን እጀታውን ከማንሣቱ በፊት ያሸታል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ካለ አይነካውም። ከሌለ የላይኑን መኪናዎች በሙሉ ያስነቅልና ብሬከሩን ያነሣል። ባዶውንም ከጣለ ጥፋቱ መስመሩ ላይ ነው። ካልጣለ መኪናዎቹን አንድ በአንድ ያሰካል። ስምንተኛዋ ስትሰካ ጣለ እንበል፦ እሷ ተነቅላ ለሜካኒክ ትሰጣለች፣ ኦፕሬተሯ ወደ ትርፍ መኪና ትዛወራለች፣ የቀሩት መስፋት ይጀምራሉ። ሜካኒኩ ገመዷን በጣቱ እየዳሰሰ ይከተላል፤ ከጠረጴዛው እግር ሥር የተረገጠ፣ ልባሱ የተላጠ ቦታ እስኪያገኝ።