የቸኮለው ዛፍና የታገሠው ዛፍ

በልጅነታችን ዳዊት የደገምነው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ በቆመ የዝግባ ጥላ ሥር ነበር። ከቅጽሩ ውጭ ግን እስከ ወንዙ ድረስ የሚታየው ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር። አንደኛው የአባቶች ጥበቃ፥ ሁለተኛው የችግርና የችኮላ ፍሬ መሆኑን ያስተዋልነው ዘግይተን ነው። ዛሬ የምናወሳው ነገር በሩቅ አገር በኒውዚላንድ ያለ ቢሆንም፥ የዝግባችንን ዘመዶች የሚመለከት ስለ ሆነ ለአንባብያን እንግዳ አይሆንም።

ሪሙና ቶታራ የሚባሉት የኒውዚላንድ ታላላቅ ዛፎች በዕፀዋት ሊቃውንት አመዳደብ ከዝግባ ጋር የአንድ ቤተ ሰብ ወገን ናቸው። እነዚህ ደኖች ለሳንቃና ለግጦሽ ሲባል ተመነጠሩ፤ ከተራቆተው መሬትም በከፊሉ ላይ ከካሊፎርኒያ የመጣው ራዲያታ ፓይን ተተከለ። ይህ ዛፍ፥ ባሕር ዛፍ በእኛ ዘንድ እንደ ሆነው ሁሉ፥ ፈጥኖ ስለሚያድግ ተወደደ፤ በ30 ዓመት ገደማ ለመጋዝ ይደርሳል። ነገር ግን በገደላማ ስፍራ በአንድ ጊዜ ሲቆረጥ የቀድሞው ሥር ይበሰብሳል፤ አዲሱም ሥር እስኪጠነክር አፈሩን የሚይዘው የለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በየካቲት 2023 የተነሣው ጋብሪኤል የተባለው ዐውሎ ነፋስ በጊዝቦርን አውራጃ የቆረጣ ትራፊ የሆነውን ግንድና ቅርንጫፍ ጠራርጎ በወንዞችና በድልድዮች ላይ፥ እስከ ባሕር ዳርም ድረስ ከመረው። ከዚያ ወዲህ፥ «ገደሉ ወደ ቀድሞው ደን ይመለስ» የሚለው ድምፅ በረታ።

ይመለስ ቢባል፥ ወጪውን ማን ይችላል? አንዱ መልስ የካርቦን ክሬዲት የሚሉት ነው። ዛፍ ሲያድግ የምድርን ሙቀት የሚያበዛውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ወስዶ በግንዱና በሥሩ ያከማቻል። ኒውዚላንድ በ2008 ባወጣችው ሕግ መሠረት ደኑ ለያዘው ለእያንዳንዱ ቶን አንድ ክሬዲት ለባለ ደኑ ይሰጣል፤ ነዳጅ አቅራቢዎችና ፋብሪካዎችም ስለሚያስወጡት ጋዝ ክሬዲቱን ገዝተው ለመንግሥት ያስረክባሉ። እንግዲህ ከጭስ የተገኘ ገንዘብ ችግኝ ይተክላል፥ አጥርም ያጥራል ማለት ነው።

ነገሩ ያማረ ነው፤ ሁለት እንቅፋት ግን አለበት። መጀመሪያ፥ ክፍያው በሚዛን ነው። በመንግሥቱ ሠንጠረዥ የአገር በቀል ደን በ50 ዓመት በአንድ ሄክታር 323 ቶን ያህል ሲቈጠርለት፥ ፓይን በብዙዎቹ አውራጃዎች 25 ዓመት ሳይሞላው ይህን ያልፋል። ስለዚህ ለአገር በቀል ዛፍ መመለሻ ይሆናል የተባለው ገንዘብ ባለ መሬቱን ዳግመኛ ወደ ፓይን ይስበዋል። ሁለተኛ፥ በ1989 መጨረሻ ደን የነበረ መሬት ክሬዲት አያገኝም፤ የቆየ ፓይኑን ወደ አገር በቀል ደን የሚለውጥ ሰው ድካሙ አይከፈለውም።

ድካሙም ቀላል አይደለም። ማውንጋታኒዋ በተባለው ስፍራ 4,000 ሄክታር ያህል የፓይን መሬት ወደ ቀድሞው ደን በመመለስ ላይ ነው፤ ነገር ግን የፓይኑ ዘር በአፈር ውስጥ ቀርቶ ደጋግሞ ስለሚበቅል ሥራው የአንድ ክረምት ዘመቻ አይደለም። በ2023 የተጀመረው ሌላው መንገድ፥ ለ50 ዓመት ደኑን ሙልጭ አድርጎ መቁረጥ የሚከለክለው የቋሚ ደን ምዝገባ ነው። በዚህ ፓይኑ ቆሞ ክሬዲት ሲያስገኝ፥ በመካከሉ ክፍተት እየተቆረጠ አገር በቀሉ ከሥሩ እንዲያድግ ይታሰባል። ይህም በራሱ አይሆንም፤ የእናት ዛፍ በቅርብ መኖር አለበት፥ ኬረሩ የተባለችው ርግብ ዘሩን ማድረስ አለባት፥ ፍየልና አጋዘንም ቡቃያውን እንዳይበሉ መከልከል አለባቸው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። በወላይታ በሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከ2006 ጀምሮ በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ ተከልሎ፥ በብዛት ከቀሩት ጉቶዎች ያቆጠቆጠው እየተገረዘ ወደ ደን ተመልሷል፤ የዓለም ባንክም የካርቦኑን ክሬዲት ገዝቷል። ከብቱ ሲከለከል ጉቶው ሕያው እንደ ነበረ ታየ።

እኛ ከዚህ የምንረዳው፥ የካርቦን ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው ደመወዝ ሊሆን እንደሚገባው ነው። በሚዛን ብቻ የከፈለ እንደ ሆነ ግን የሚከፍለው ለቸኮለው ዛፍ ነው። ዝግባ የሚተክል ሰው ጥላውን ለልጅ ልጁ ያወርሳል እንጂ ራሱ አይቀመጥበትም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር የፈረሰበት ካለ እንካበው፤ ከዝግባውም ሥር የወደቀውን ፍሬ ልጆቻችን ለቅመው ከባሕር ዛፉ ዳር ይሞክሩት። የእናት ዛፍ ያለው ሰው ገና አልደኸየምና።