11 ዘፈን፣ 11 ታሪክ፦ ሜታል «ኮንሴፕት አልበም» ሲሰራ ምን ይመስላል? እኛስ ምን እንማርበታለን?

ዛሬ ዜና የለም፣ የገበያ ዋጋም የለም። ዛሬ ስለ ጊታር እናውራ። 🎸

ባለፈው ከወልቂጤ ወደ ጉንችሬ ስመለስ መስኮት ዳር ተቀምጬ ኢርፎኔን ሰካሁና አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ሳልዘል፣ ሳልቀያይር። ውጭ እንሰቱ በሁለቱም በኩል እያለፈ፣ ጆሮዬ ላይ ደግሞ ሃኒባል ዝሆኖቹን እየነዳ ተራራ ይወጣል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ «ምንድነው እንዲህ የሚያስነቀንቅህ?» አለኝ። አንዱን ኢርፎን ሰጠሁት። ትንሽ ሰማና «ይሄ ጩኸት ነው እኮ!» ብሎ መለሰልኝ።

እንግዲህ ይህ ፅሁፍ ለዚያ ልጅ የቀረበ መልስ ነው።

👉 አልበሙ የማን ነው?

ባንዱ ሳባቶን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ስዊድን ውስጥ ፋሉን በምትባል ከተማ ተመሰረተ። ስሙ የድሮ ተዋጊዎች ከሚለብሱት የብረት ጫማ የመጣ ነው። ሥራቸው ታሪክን በከባድ ጊታር መዝፈን ነው። በ2019 ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት አንድ ሙሉ አልበም ሰሩ፤ በ2022 እዚያው ጦርነት ላይ ሌላ ደገሙ። በ2025 ጥቅምት ላይ ደግሞ «ሌጀንድስ» የተባለውን አወጡ። 11 ዘፈን አለው፤ እያንዳንዱ ዘፈን የአንድ የታሪክ ሰው ወይም የአንድ የተዋጊዎች ቡድን ነው።

እነማን አሉበት? የሩቢኮንን ወንዝ የተሻገረው ቄሳር፣ ናፖሊዮን፣ በ1431 በእሳት የተቃጠለችው ፈረንሳያዊቷ ጃን ዳርክ፣ ጄንጊስ ካን፣ ጃፓናዊው ባለሰይፍ ሙሳሺ... ከአፍሪካም አሉ፦ የግብፅ ፈርዖን፣ እንዲሁም የዛሬዋ ቱኒዚያ የካርቴጅ አገር ልጅ ሃኒባል። ሃኒባል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 ዝሆን ይዞ የአልፕስን ተራራ አቋርጦ ሮማን ያስጨነቀ ሰው ነው። በቃ፣ የታሪክ መምህር ጊታር ይዞ ክፍል ሲገባ አስቡት።

👉 «ኮንሴፕት አልበም» ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አልበም ማለት አስር የማይተዋወቁ ዘፈኖች አንድ ቦርሳ ውስጥ ሲገቡ ነው። አንዱ የፍቅር፣ አንዱ የእናት፣ አንዱ የሰርግ። ጥሩ ነው፣ ችግር የለውም። ኮንሴፕት አልበም ግን ዘፈኖቹ ሁሉ በአንድ ሃሳብ ወይም በአንድ ታሪክ የታሰሩ ናቸው።

ቡና አስቡ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካውን መጀመሪያ አትጠጣም አይደል? ቅደም ተከተሉ ራሱ ትርጉም አለው። ኮንሴፕት አልበምም እንደዚያ ነው።

በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው።

1ኛ፦ አንድ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚተርክ። የአሜሪካኖቹ ድሪም ቲያትር በ1999 ያወጡት አልበም ጥሩ ምሳሌ ነው። ኒኮላስ የሚባል ሰው በሕልሙ የማያውቃት ልጅ ትመጣበታለች፤ ቀስ በቀስ ልጅቷ በ1928 የተገደለች መሆኗን ይደርስበታል። ማን ገደላት? መልሱን ለማወቅ እስከ መጨረሻው መስማት አለብህ። ተከታታይ ፊልም ማለት ነው፣ በጆሮ።

2ኛ፦ አንድ ሃሳብን ከተለያየ አቅጣጫ የሚያይ። «ሌጀንድስ» እዚህ ውስጥ ነው። ታሪኮቹ አይቀጣጠሉም፤ ግን ሁሉም አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ ሰው እንዴት አፈ ታሪክ ይሆናል?

ሙዚቀኞቹ አልበሙን የሚያስሩበት ዘዴም አለ። በመጀመሪያው ዘፈን የሰማኸው አጭር ዜማ ሰባተኛው ላይ ተቀይሮ ይመለሳል። አንዱ ዘፈን ሳይቆም ወደሚቀጥለው ይገባል። ሽፋኑ ላይ ያለው ስዕል ግጥሙን ያብራራል። ስለዚህ ቀላቅሎ የሚያጫውተውን ቁልፍ ከነካህ ታሪኩ ተበጠሰ ማለት ነው።

👉 ግን ሜታል ለምን እንዲህ ይከብዳል?

እዚህ ጋ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። ቶኒ አዮሚ የሚባል የእንግሊዝ ልጅ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በ17 ዓመቱ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። ጊታር ተጫዋች ነበርና ሁሉም «አለቀለት» አለ። እሱ ግን ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሰራ። በኋላም ክሮቹን አላልቶ ቃና ዝቅ እያደረገ መጫወት ጀመረ። የላላ ክር ወፍራምና ከባድ ድምፅ ይሰጣል። ብላክ ሳባዝ የተባለው ባንዱ በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ብዙዎች የሄቪ ሜታል መወለጃ አሉት። አያችሁ? ያ ክብደት ከጉዳት የመጣ ነው። ከጥላቻ አይደለም።

«የሰይጣን ሙዚቃ ነው» የሚሉም አሉ፣ እቤትም ሳይባል አይቀርም። ይህ ስም ከአንድ የድምፅ ርቀት ጋር ይያያዛል። በሁለት ድምፆች መሃል ስድስት ግማሽ እርምጃ ሲኖር የሚጎረብጥ፣ የሚያስፈራ ነገር ይሰማል፤ አውሮፓውያን በድሮ ዘመን «በሙዚቃ ውስጥ ያለ ዲያብሎስ» የሚል ቅጽል ሰጥተውታል። ብላክ ሳባዝ በስማቸው የሰየሙትን ዘፈን የሰሩት በዚህ ርቀት ነው።

አሁን ይህን ስሙ፦ ያው ርቀት በእኛ አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ አለ! ከመነሻው ድምፅ ተነስታችሁ ብትቆጥሩ ታገኙታላችሁ። እኛ በአንቺሆዬ ሙሽራ እናጅባለን እንጂ ሰይጣን አንጠራም። ድምፅ ራሱ ኃጢአት የለበትም፤ ምን እንደተባለበት ነው ቁም ነገሩ። ግጥሙ ካላማረህ ግጥሙን ተች፣ ጊታሩን ግን ተወው።

👉 እኛ አገርስ?

አለ! ጃኖ ባንድ። ሁለት ወንድ ሁለት ሴት ድምፃውያን ከፊት፣ ከባድ ጊታር ከኋላ ሆነው ነበር የጀመሩት። የመጀመሪያ አልበማቸው «ኤርታሌ» በ2012 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ስሙ ከአፋሩ እሳተ ገሞራ ነው። ለሮክ አልበም ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? ሁለተኛው «ለራስህ ነው» በ2018 ተከተለ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ ይኸው፦ «ኤርታሌ»ን ፕሮዲውስ ያደረገው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ይህ ሰው በ1986 የሞተርሄድን አልበም የሰራ፣ በ2001 ደግሞ የእኛዋን እጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) አልበም የሰራ ሰው ነው። የሜታል ከባዱ እጅና የጂጂ ድምፅ በአንድ ሰው ስቱዲዮ አልፈዋል። ስለዚህ «ሮክና ሜታል ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ለሚል ሰው መልሱ ካገናኘው ቆይቷል ነው።

እውነቱን ለመናገር «ኤርታሌ» ሙሉ ኮንሴፕት አልበም አይደለም፤ ዘፈኖቹ የየራሳቸው ርዕስ አላቸው። ግን አንድ ነገር አሳይቷል፦ አማርኛ በከባድ ጊታር ላይ አይሰበርም። ቴዲ አፍሮም በዚያው በ2012 «ጥቁር ሰው» በሚለው ዘፈኑ አጼ ምኒልክንና ዓድዋን ሲያነሳ አገር ምን ያህል እንደተነቃነቀ እናስታውሳለን። ታሪክ በዘፈን ሲመጣ ወጣቱ ይሰማል።

👉 ታዲያ ለምን ተቆጨሁ?

«ሌጀንድስ»ን ስጨርስ ደስታም ቁጭትም አብረው መጡ። ከሮማ ሁለት ታሪክ አወቅሁ፣ ከጃፓን አንድ፣ ከቻይና አንድ። ከዚያ ራሴን ጠየቅሁ፦ ስለ የቃቄ ውርድወት ስንት ደቂቃ ማውራት እችላለሁ?

ለማያውቃት፦ ውርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረች የጉራጌ ሴት ናት። በዚያ ዘመን ወንድ ብዙ ሚስት ያገባል፤ ሴት ግን ባሏ ካልፈታት መውጫ የላትም። እሷ ይህን አልቀበልም አለች። ሴቶችን አስተባብራ ሽማግሌዎች ፊት ቆማ ተከራከረች። ታሪኳ በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ቀርቧል፤ ልብ ወለድም ተፅፎበታል። አልበም ግን የላትም!

አስቡት እስኪ። አንደኛው ዘፈን የልጅነቷ፣ በቀስታ። ሁለተኛው የሰርጓ፣ በአንቺሆዬ። አራተኛው ላይ እምቢ ስትል ጊታሩ ይገባል። ስድስተኛው የሴቶቹ ጉዞ፤ የጉራጊኛ ጭብጨባ ከከበሮው ጋር ይፋጠናል፤ ፍጥነቱ እንደሆነ ከሜታል አያንስም። ሰባተኛው የጆካ ሸንጎ፤ ሽማግሌዎቹ በወፍራም ድምፅ፣ እሷ ብቻዋን። መጨረሻው ላይ የልጅነቷ ዜማ ይመለሳል፣ ግን አሁን ብዙ ሴቶች አብረው ይሉታል። እኔ ስፅፈው ራሱ ፀጉሬ ቆመ።

«በእኛ ቋንቋ ማን ይሰማዋል?» እንዳትሉ። ሳባቶኖች በ2012 ስለ አገራቸው ነገሥታት «ካሮሉስ ሬክስ» የሚል አልበም ሲሰሩ በእንግሊዝኛም በስዊድንኛም ቀዱት። በአገራቸው ፕላቲነም ደረጃ ደረሰ። በራስ ቋንቋ የራስን ታሪክ መዝፈን አላከሰራቸውም።

👉 መስማት ለምትፈልጉ

• መጀመሪያ ቀላቅሎ ማጫወቻውን አጥፉ፤ በተራ ስሙ።
• ዳታ እንዳይበላችሁ ዋይፋይ ስታገኙ አውርዳችሁ ያዙ።
• ግጥሙን ከፍታችሁ ተከታተሉ። ያልገባችሁን ስም ፈልጉ፤ ባንዱ ራሱ ከ2019 ጀምሮ የዘፈኖቹን ታሪክ የሚያስረዳ የዩቲዩብ ቻናል አለው።
• ከባድ ከሆነባችሁ በጃኖ «ዳሪኝ» ወይም «አይራቅ» ጀምሩ፤ ጆሯችሁ ይለምዳል።
• አንድ ጊዜ ሰምታችሁ አትፍረዱ። ሁለተኛው ላይ ነው የሚገባው።

ለዚያ መኪና ውስጥ ላገኘሁት ልጅ፦ ወንድሜ፣ ጩኸት ነው ያልከው እውነት አለው። ግን የሚጮኸው የሚናገረው ስላለው ነው። እኛም የምንናገረው አለን፤ ጊታር የሚይዝልን ሰው ነው የጎደለን።

እስኪ እናንተ ንገሩን፦ ከጉራጌ ወይም ከመላው ኢትዮጵያ የማን ታሪክ አልበም ቢሆን ትመርጣላችሁ? የመጀመሪያው ዘፈን ርዕስስ ምን ይሁን? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ጊታር የሚጫወት ጓደኛ ያላችሁ ደግሞ ይህን ሼር አድርጉለት፤ ማን ያውቃል።