እውነት ሆኖ የሚያሳስት ቁጥር

«ይህ ዘር በሄክታር 100 ኩንታል ይሰጣል» የሚል አባባል ለኅብረት ሥራ ማኅበር ሲቀርብ፣ የልማት ሠራተኛው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የትና እንዴት እንደተለካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ከባኮ የወጣው ቢ.ኤች. 660 የተባለው ድቅል በቆሎ በምርምር ጣቢያ በሄክታር ከ90 እስከ 120 ኩንታል፣ በገበሬ ማሳ ግን ከ60 እስከ 80 ኩንታል እንደሚሰጥ ተመዝግቧል። ሁለቱም እውነት ናቸው። የመጀመሪያውን ብቻ ነጥሎ የሚናገር አልዋሸም፤ አሳስቷል። ማኅበሩ በዚያ ተማምኖ ለዘርና ለማዳበሪያ ቢበደር፣ ዕዳው የሚከፈለው ከአባላቱ ማሳ በሚገኘው ምርት ነው።

ከ10 ካሬ ሜትር ላይ የተመዘነ ምርት ወደ ሄክታር ሲለወጥ በ1,000 ስለሚባዛ፣ የ1 ኪሎ ስሕተት 10 ኩንታል ይሆናል። ከማሳው ጥሩ ጥሩውን ቦታ መርጦ መለካት ደግሞ (ብዙ ጊዜ በቅንነት የሚደረግ ነው) ከሚዛን ስሕተት ይብሳል። እርጥበቱም ይጠየቅ፤ 25 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኩንታል በቆሎ ወደ 12.5 በመቶ ሲደርቅ 86 ኩንታል ገደማ ይሆናል።

«ከቀድሞው ዘር ይበልጣል» ከተባለም የቀድሞው እንዴት እንደተያዘ ይጣራ። አዲሱ ማዳበሪያ አግኝቶ የቀድሞው ካላገኘ፣ ብልጫው የዘሩ ይሁን የማዳበሪያው ሊለይ አይችልም።