እንዲበላሽ የተሠራ ላብ

ርካሽ ስዊች ላይ የአንድ ኬብል ሁለቱን ጫፎች ሰክቶ ማየት ነው። ትንሽ ሳይቆይ መብራቶቹ ያለ ፋታ ይብለጨለጫሉ፤ ከስዊቹ ጋር የተያያዙት ኮምፒውተሮችም መገናኘት ያቅታቸዋል። ለሁሉም የተላከ መልእክት እየዞረና እየተባዛ መስመሩን ሞልቶታል። ራዲያ ፐርልማን በ1985 እ.ኤ.አ. መላ ያበጁለት ችግር ይኸው ነው፤ ስፓኒንግ ትሪ የተባለው ስልታቸው ትርፉን መንገድ ይዘጋዋል። ተማሪ ስለዚህ አሥር ስላይድ ከሚያይ አንድ ጊዜ ራሱ መስመሩን ቢገድለው ይሻላል።

ግን የትኛው ኮሌጅ ይፈቅድለታል? ዕቃው በላብ ቴክኒሺያኑ ስም ወጪ ሆኗል፤ ቢቃጠል የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ይቆልፈዋል። አይፈረድበትም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ተማሪው ነው።

ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሆሳዕና ላይ ማስተማር ጀመረ፤ ኋላም ዱራሜ ላይ ካምፓስ ከፈተ። የሀዲያና የከምባታ ልጅ ኮምፒውተር ለመማር የግድ ሩቅ አይሄድም። ከተመራቂዎቹ አንዱ ቦኖሻ፣ የሻሾጎ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቢመደብ ግን በመጀመሪያው ሳምንት የሚገጥመው የፈተና ጥያቄ አይሆንም። «ኔትወርኩ እምቢ አለ» የሚል የሥራ ባልደረባ ነው፤ ምርጫ ሀ፣ ለ፣ ሐ የለውም።

ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ያለፉት ከመቶ 40 ገደማ ብቻ ነበሩ። ትምህርት ክፍሎች ቢደነግጡ አይገርምም። ይሁንና ፈተናው በምርጫ የሚመለስ ስለሆነ ድንጋጤው ተማሪውን ወደ ቱቶሪያል እንጂ ወደ ላብ አይገፋውም።

ብዙዎች የላቡን ክፍተት በፓኬት ትሬሰር ይሞሉታል። ሲስኮ ለአካዳሚው ተማሪዎች የሠራው ይህ ሲሙሌተር ለጀማሪ መልካም ነው፤ ሆኖም የሚያውቀው የተሠራለትን ትዕዛዝ ብቻ ነው። ከዚያ አልፎ መሄድ ለሚፈልግ በ2010 እ.ኤ.አ. ከስታንፎርድ የወጣው ሚኒኔት አለ። አንዱን የሊኑክስ ላፕቶፕ ከፋፍሎ የብዙ ኮምፒውተርና ስዊች መረብ ያደርገዋል፤ በውስጡ የሚያልፈው እውነተኛ ፓኬት ነው። በነፃ የሚገኝ ስለሆነ አንዱ በፍላሽ ካመጣው ለክፍሉ ሁሉ ይበቃል፤ ኢንተርኔት መጠበቅ የለም።

እኔ ላብ ንደፍ ብባል የሚሠራ መረብ አስረክቤ አልጀምርም፤ የተበላሸ አስረክባለሁ። ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች በአንድ ስዊች ይገናኙ፤ ራውተርም ጌትዌይም አይኑር። አድራሻቸው 192.168.10.20፣ 192.168.10.150 እና 192.168.10.200 ይሁን። በሁለቱ ላይ ማስኩ 255.255.255.0 ሲሆን መምህሩ 200 ላይ ብቻ 255.255.255.128 ይጽፋል። አሁን 200 ከ150 ጋር ይግባባል፤ 20 ግን ቢጠራው መልስ አያገኝም። ለ200 ከ128 በታች ያለው ሁሉ ሌላ መረብ ይመስለዋልና መልሱን የሚያደርስበት መንገድ የለውም። ኬብሉ ደህና፣ መብራቱም በርቷል። ተማሪው መጀመሪያ ኬብል ይቀይራል (ሁሉም ይቀይራል)፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል፣ በመጨረሻ የሚያልፈውን ፓኬት የሚያሳየውን ዋየርሻርክ ከፍቶ ጥያቄው ደርሶ መልሱ እንዳልወጣ ሲያይ ማስክ ምን እንደሚሠራ ይገባዋል። ውጤቱም የሚሰጠው ስላስተካከለ ብቻ ሳይሆን ምን ጠርጥሮ ምን እንደሞከረ በጻፈው ማስታወሻ ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የኬብል ጫፍ ላይ ኮኔክተር የሚያስረው ክሪምፐር ይውጣ። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያሉ ስምንቱን ሽቦ መደርደር ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ቴስተሩም በባትሪ ይሠራል። ሲሙሌተር ይህን አያስተምርም።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችና የንብረት ክፍሎች ሆይ፣ አዲስ ግዢ ከመጠየቃችሁ በፊት ለማስወገድ የተከመሩትን ኮምፒውተሮች ለላቡ ስጡ፤ ርካሾቹን ስዊቾችም እንደ ኬብሉና እንደ ኮኔክተሩ ከአላቂ ዕቃ ቁጠሩና ቴክኒሺያኑን ከዕዳ ነፃ አውጡት።