ቆሞ የሚያተርፍ ዛፍ፤ የላሊበላና የላስታ ጥድና ወይራ

ስለ ላሊበላ በተነገረና በተጻፈ ቍጥር በቅድሚያ የሚነሣው የድንጋዩ ሥራ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ መካከል ናቸውና። ሆኖም በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥርና በዙሪያው ኰረብታዎች የቆመው ዛፍ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። ነጋዴውም ዛፍን የሚያውቀው ባመዛኙ በአጣና፣ በፍልጥና በከሰል ስም ስለ ሆነ፣ ቆሞ ሳለ የሚያስገኘውን ጥቅም በሒሳብ መዝገቡ ጽፎት አያውቅም።

ከጋሸና ተነሥቶ ወደ ላሊበላ የሚጓዝ ሰው በግራና በቀኝ የሚያየው የታረሰ ተዳፋትና የተራቈተ ገደል ነው። በመካከሉ እንደ ጥቁር አረንጓዴ ነቍጥ የሚታይ ነገር ቢኖር፣ ቀርቦ ሲመለከተው ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ያገኘዋል። ላስታ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲታረስና ከብት ሲሰማራበት የኖረ አገር ስለ ሆነ፣ የጥንቱ ደን የተረፈው ምሳር ባልገባበት በደብር ቅጥር ውስጥ ነው። ከነዚህም ሁሉ ስሙ የገነነው ከከተማው በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ተዳፋት ላይ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ደን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በሰፊ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ሲሆን፣ ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተነባበረበት ነው። በዋሻው ዙሪያ ያለውን ቦታ ያረጀ ጥድ ሞልቶታል፤ ወይራም አብሮት ይበቅላል። ካህናቱና ምእመናኑ ዛፉን የቤተ ክርስቲያን ልብስ አድርገው ስለሚቈጥሩት፣ በግዝት ተጠብቆ ኖሯል።

እንዲህ ያለው ደን ምን ያህል ሀብት እንደ ያዘ የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር ባደረጉት ጥናት ታይቷል። በ28 አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ብቻ 168 ዐይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ ተቈጥሯል። ከዚህ ይልቅ ለነጋዴው ትምህርት የሚሆነው ሁለተኛው ግኝት ነው፤ ይኸውም ከብት በሚገባበት ደን ውስጥ አሮጌው ዛፍ ቢቆምም ቡቃያው እየተረገጠና እየተበላ ተተኪ አያገኝም። ስለዚህ በዚያው አገር ገበሬዎች የማሳቸውን ድንጋይ እየለቀሙ በደኑ ዙሪያ ካብ ካቡ። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑም ታጠረ። ድንጋይ በላስታ የሚቸግር ዕቃ አይደለም።

ጥዱና ወይራው የሚራቡት ወፎች ፍሬያቸውን በልተው ዘሩን ስለሚበትኑላቸው ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኘው ክንፈ ጥቁር ትንሽ በቀቀንም የጥድ ፍሬ ከሚመገቡት አንዱ ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ በሚደርሰው በአቡነ ዮሴፍ አናት አካባቢ፣ አስታና ጅብራ ይበቅላሉ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ይኖራሉ። አብያተ ክርስቲያናቱን ሊያይ የመጣ እንግዳ ይህን ለማየት አንድ ሌሊት ቢጨምር፣ ባለ በቅሎው፣ ባለ ሆቴሉና ባለ ሱቁ የየድርሻቸውን ያገኛሉ።

ማርንም መዘንጋት አይገባም። የንጉሥ ላሊበላ ስም ራሱ ከንብ ጋር የተያያዘ መሆኑ በትውፊት የታወቀ ነው። ንብ ያለ አበባ ማር አይሠራምና፣ የተራቈተ ኰረብታ የማር ገበያን ያደርቃል። ደን ቆሞ ሳለ ማሩን፣ ጥላውን፣ ዝናቡን ወደ ምድር የሚያሰርገውን ቅጠሉን የሚሰጥ ሰው፣ ዋናውን ገንዘብ ሳይነካ ወለዱን ከሚበላ ባለ ሀብት ጋር ይመሳሰላል።

ይህ ሲባል ባሕር ዛፍን ለማጥላላት አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጦት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ባደረሰ ጊዜ፣ አዲስ አበባን በቦታዋ ያጸናት ይኸው ዛፍ ነው። ዛሬም ቋሚና ማገር የሚፈልግ ሰው ጥዱን ከሚቈርጥ ባሕር ዛፉን ቢገዛ ይሻላል፤ በጥቂት ዓመታት ይደርሳል፤ ተቈርጦም ያቈጠቍጣል። ነገር ግን በሥሩ ሌላ ተክል እምብዛም አያስጠጋም። ስለዚህ በአዲስ አበባ የጉለሌ የዕፀዋት ማእከል በተቋቋመበት ኰረብታ ላይ ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ዛፎች የመተካት ሥራ ተጀምሯል። ለላሊበላም ለምሳር የሚሆነውና ለጥላ የሚሆነው ዛፍ ቦታው ቢለይ መልካም ነው። ከውቅሮቹ ጫፍ ግን ማንኛውም ትልቅ ዛፍ መራቅ ይገባዋል፤ ሥር አለትን ይሰነጥቃልና።

በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ብዙ ችግኝ አስተክሏል። ነጋዴ ትርፉን የሚያሰላው ከገዛው ሳይሆን ከሸጠው ዕቃ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የችግኝም ሒሳብ መሠራት ያለበት በሐምሌ ከተተከለው ሳይሆን ከበጋው በኋላ ጸድቆ ከተገኘው ነው።

ዋናው ጭንቅ ግን ማገዶ ነው። በገና ሰሞን ከተማዋ በምእመናን ስትጥለቀለቅ የሚነደው እንጨት ይበዛል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደርሶ የኤሌክትሪክ ኀይል ለረጅም ጊዜ በተቋረጠ ጊዜም፣ እንጀራ የሚጋገረው በእንጨት ብቻ ነበር። በሦስት ጉልቻ ከመጋገር ይልቅ ምርጥ በተባለው ምድጃ የሚጋግር ቤተ ሰብ የማገዶውን እስከ ግማሽ የሚደርስ ያተርፋል። ምድጃው ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ የላሊበላ ባለ ሱቅ ከአዲስ አበባ በመኪና ማስጫን አያስፈልገውም፤ ቅርጽ ማውጫውን አስመጥቶ ለአገሩ ግንበኛ ቢሰጠው ይበቃል።